«ኪዝሊ» ነው ወይስ «ኬይግሌይ»? የዮርክሸር እንግሊዝኛ ለገባቸው ሳይሆን ለሚኖሩበት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«አገር ቤት ለዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተናም ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። አሁን እንግሊዝ አገር፣ ምዕራብ ዮርክሸር ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ ነው የምሠራው። አውቶቡስ ላይ የምሄድበትን ከተማ ስም እንደተጻፈው ብጠራው ሹፌሩ ሊገባው አልቻለም። አንዲት ተሳፋሪ ‹ኪዝሊ ማለቷ ነው› ብላ ገላገለችኝ። ሥራ ላይ ደግሞ አረጋውያኑ ከሚናገሩት ግማሹ ያመልጠኛል። ‹ዋይል› እና ‹ቲ› የሚሉትን ቃላት እኔ ከማውቀው በተለየ ትርጉም ነው የሚጠቀሙባቸው። ሰዎቹ ሰዋስው የሚያበላሹት ስላልተማሩ ነው? እኔስ እንደነሱ ልናገር ወይስ ትክክለኛውን እንግሊዝኛ ይዤ ልቀጥል?»

«ስላልተማሩ ነው?» የሚለውን አስቀድመን እንዝጋው። አይደለም። እርስዎ የሚሰሙት የራሱ ሕግ ያለው ዘዬ ነው። አንድ አዛውንት «አይ ወር» ሲሉ «አይ ዎዝ» ማለት አቅቷቸው አይደለም። በአካባቢው ዘዬ «ነበርኩ»ም፣ «ነበረ»ም፣ «ነበሩ»ም በ«ወር» ነው የሚነገረው። ከመደበኛው ይልቅ ወጥ ነው። የጎጃም ሰው «ከቤት» በማለት ፈንታ «ኸቤት» ሲል አማርኛ አበላሸ አንልም። ጎጃሜ መሆኑን እናውቃለን፤ ወሬው ይቀጥላል። የዮርክሸሩንም እንደዚያው ይስሙት።

ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ከእርስዎ ብዙም አይርቅም። በሃሮልድ ኦርተን የተመራው ትልቁ የእንግሊዝኛ ዘዬዎች ጥናት ማዕከሉ እዚያ ነበር። ከ1950 እስከ 1961 ድረስ አጥኚዎቹ 313 ቦታዎችን አዳርሰዋል። ከ1,300 በላይ ጥያቄዎች ይዘው ነበር የሚዞሩት። የሚፈልጉት የተማረ የከተማ ሰው አልነበረም። የገጠር አዛውንት ነበር የሚፈልጉት። ምክንያቱም ለንደን የጣለችውን አሮጌ እንግሊዝኛ የያዙት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ በጣም የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ዕድሜያቸው የገፋ የዮርክሸር ሰዎች አንዳንዴ «ዩ» በማለት ፈንታ «ዘ» ወይም «ዚ» ይላሉ። ይህ ምን መሰለዎት? «አንተ» እና «አንቺ» ማለት ነው። ድሮ እንግሊዝኛም እንደኛው ለቅርብ ሰው አንድ፣ ለሚከበር ሰው ሌላ መጥሪያ ነበረው። «ዩ» መጀመሪያ «እናንተ» ነበር። ቆይቶ ለአንድ ሰው «አንቱ» ሆነ። በመጨረሻ ሁሉንም ዋጠና መደበኛው እንግሊዝኛ ያለ «አንተ» ቀረ። ሰሜኑ ግን ይዞት ቆየ። ዮርክሸር ውስጥ ታላቁን «ዘ» ብሎ የጠራ ልጅ ቁጣ ይደርስበት ነበር። ቁጣው የእኛው «አንተ ትለኛለህ እንዴ!» ነው። ስለዚህ አንድ አዛውንት እርስዎን «ዘ» ካሉዎት ሰዋስው አልሳቱም። አቅርበውዎታል።

ሰሜኑ ከሌላው የሚለይበት ሌላም ምክንያት አለ። ቫይኪንጎች ዮርክን በ866 ያዙ። የእነሱ መንግሥት ከዚያ የወጣው በ954 ነው። የተዉት ቋንቋ ግን አልወጣም። «ቤክ» ወንዝ ማለት ነው፤ ትንሹን። «ሌይክ» መጫወት ነው። ሊድስ መሃል ከተማ ሲሄዱ «ብሪጌት» እና «ኪርክጌት» የሚሉ ጎዳናዎች ያያሉ። «ጌት» ስላለ በር እንዳይፈልጉ። በቫይኪንጎቹ ቋንቋ ጎዳና ማለት ነው። ብሪጌት «የድልድይ ጎዳና»፣ ኪርክጌት «የቤተ ክርስቲያን ጎዳና» ነው። አዲስ የመጣ ሰው «በሩ ጋ እንገናኝ» ተብሎ የተቀጠረ መስሎት በር ሲፈልግ አይቻለሁ።

አሁን ወደ አውቶቡሱ እንምጣ። ሹፌሩ ያልገባው የእርስዎ እንግሊዝኛ ደካማ ስለሆነ አይደለም። የከተማው ስም አጻጻፍ የዛሬ አነጋገር ምስል ስላልሆነ ነው። ዊልያም ካክስተን ማተሚያውን ዌስትሚንስተር ያቋቋመው በ1476 ነው። ከዚያ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ ረጋ። አንደበቱ ግን አልረጋም፤ መለወጡን ቀጠለ። የኪዝሊ አጻጻፍ መሃል ላይ «ጂ» እና «ኤች» የሚባሉት ሁለት ፊደላት ተከታትለው አሉ። ድሮ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነበሩ፤ «ኽ» እንደምንለው ዓይነት። ድምፁ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ጠፋ። ፊደሉ ግን ቀረ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ኀይል»ን በ«ኀ» እንጽፋለን፤ ስንናገር ግን ከ«ሀ» አንለየውም። ግዕዝ ግን ይለየው ነበር። ሠራዊትን በ«ሠ»፣ ሰውን በ«ሰ» የምንጽፈውም ለዚሁ ነው። ዓይናችን የሚያየው የድሮውን ነው፤ አፋችን የሚለው የዛሬውን ነው።

ኪዝሊን ልዩ የሚያደርጋት ያ የጉሮሮ ድምፅ እንደሌላው ዝም ብሎ አለመጥፋቱ ነው። ወደ ሌላ ድምፅ ተለወጠ። «ዝ» ብዬ የምጽፈው በአማርኛ ፊደል ስለሌለው ነው። «ስሚዝ» የሚለው ስም መጨረሻ ላይ ያለው ድምፅ ነው። የምላስ ጫፍ በጥርሶች መካከል ብቅ ይላል፤ አየር ይሾልካል፤ ጉሮሮ አይርገበገብም።

ሌሎቹ ስሞች የሚያጥሩት ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። እንግሊዝኛ አንዱን ክፍለ ቃል ይጫነዋል፤ የቀረውን ይውጠዋል። እኛ ሁሉንም እኩል እየመታን ስለምናነብ ስሙ በአፋችን ይረዝማል። በየቀኑ የሚጠራ ስም ደግሞ የበለጠ ይታሻል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለን ጽፈን «እግዜር ይስጥልኝ» አይደል የምንለው? «አዲስ አበባ» በአፍ «አዲሳባ» አይደለችም? ሌስተር፣ ግሎስተር፣ ዉስተር በጽሑፍ ከሚጠሩት በላይ ረጅም ናቸው። መጨረሻቸው ላይ የሚጻፈው «ሴስተር» ከላቲን የመጣ ነው፤ የጦር ሰፈር ማለት ነው። መሃሉ በአፍ አልቆ ነው እንዲህ የቀሩት። በ«ዊክ» እና «ዊች» የሚያልቁት ብዙ ጊዜ «ው»ን ይጥላሉ፦ ወሪክ፣ ኖሪጅ፣ ግሬኒች፣ ኬዚክ። ኖርዘምበርላንድ ውስጥ «አልንዊክ» ተብላ የተጻፈችው ከተማ «አኒክ» ናት። «ሃም» ብለው የሚያነቡት «ኧም» ይሆናል። በ«ማውዝ» የሚያልቀው «መዝ» ይሆናል፤ ፖርትስመዝን፣ ፕሊመዝን ያስቡ። ስካርብሮውም «ስካርብረ» ነው።

ግን ይጠንቀቁ። ይህን እንደ ሕግ ይዘው ሁሉም ላይ ከሠሩበት ይሳሳታሉ። ኢፕስዊች «ው»ዋን አልጣለችም። ሳይረንሴስተር እንደ ዉስተር አትታጠፍም፤ እንደተጻፈች ትጠራለች። ኒውካስል አጠገብ ያለችው ታይንማውዝ «ማውዝ»ን ሙሉ ትላለች። ፖንትፍራክት ድሮ «ፖምፍሬት» ትባል ነበር፤ ዛሬ ጽሑፉ አሸንፎ እንደተጻፈች ትጠራለች። ከሁሉ የሚያስተምረው ጂሊንግኧም ነው። ኬንት ውስጥ ያለችው በ«ጂ» ትጀምራለች። ዶርሴት ያለችው «ጊሊንግኧም» ናት። አጻጻፋቸው በአንድ ፊደል እንኳ አይለይም። የሽሩስበሪ ሰዎች ደግሞ ራሳቸው አልተስማሙም። ገሚሱ «ሽሩስበሪ» ይላል፤ ገሚሱ «ሽሮውስበሪ»። እርስዎ አካባቢ፣ ሃደርስፊልድ አጠገብ፣ «ስላይዝዌይት» ተብላ የተጻፈች መንደር አለች። ነዋሪዎቿ «ስላዊት» ሲሏት ይሰማሉ። ስለዚህ የቦታ ስም አንድ በአንድ ነው የሚለመደው። ቢቢሲ እንኳ በ1926 ስለ አነጋገር የሚመክር ኮሚቴ ካቋቋመ ወዲህ ለቦታ ስሞች የአካባቢውን ሰው አጠራር ሲያሰባስብ ነው የኖረው።

የድምፁ ነገር ላይ አማርኛዎ ይጠቅምዎታል። ብዙ ተማሪዎቼ የሚቸገሩት ባልተጫነው ክፍለ ቃል ላይ ነው። ኖቲንግሃም ብለው «ሃ»ን በራብዕ ይከፍቱታል። መፍትሔው ከእኛው ፊደል አለ። የመጀመሪያው ረድፍ፣ ግዕዙ፣ «ለ» እና «መ» ላይ ያለችው «ኧ»፣ ለዚያ ለደከመው የእንግሊዝኛ ድምፅ በጣም ትቀርባለች። «ኖቲንግኧም»፣ «በርሚንግኧም»፣ «ስካርብረ» ብለው ይሞክሩ። የመጀመሪያውን ክፍል ጫን ይበሉ፤ ሌላውን በ«ኧ» አለስልሰው ይለፉት። ይህን ያገኘ ሰው በሳምንት ውስጥ ለውጡን ያየዋል።

ዮርክሸር ውስጥ ደግሞ ጆሮዎ አንድ የረድፍ ለውጥ መልመድ አለበት። ለንደን «ባስ» የሚለው ሊድስ «ቡስ» ነው። «ካፕ» «ኩፕ» ነው። «ላቭ» «ሉቭ» ነው። ራብዑን ወደ ካዕብ ይዛወሩት። ይህም ብልሽት አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን ደቡቡ ነው ድምፁን የለወጠው፤ ሰሜኑ ባለበት ቆመ። «ባዝ» እና «ግራስ» ላይ ደቡቡ «አ»ን ያስረዝማል፤ ሰሜኑ ቁርጥ አድርጎ ያልፋል። ከስም በፊት የሚመጣው «ዘ» የሚለው መስተአምርም (ቅድም «አንተ» ካልነው «ዘ» የተለየ ነው) ብዙ ጊዜ አይሰማም። በቦታው ትንሽ ትንፋሽ የመቁረጥ ያህል ብቻ ይቀራል። ቃሉ የተዘለለ ይመስልዎታል እንጂ አልተዘለለም።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሥራዎ ነገር ነው። ቃል ሲያምታታ አውቶቡስ ማምለጡ ቀላል ነው። መድኃኒት ሰዓቱን ሲስት ግን ሌላ ነው።

«ዋይል» በመደበኛው እንግሊዝኛ «እያለ» ማለት ነው። በዮርክሸር ግን «እስከ» ነው። «ናይን ዋይል ፋይቭ» ማለት ከዘጠኝ እስከ አምስት ነው፤ የእነሱ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉ። አንዲት አዛውንት «ዋይል ቴን አልነሳም» ካሉ እስከ አሥር ድረስ አልነሳም ማለታቸው ነው። «ዲነር» የምሳ ሰዓት ምግብ ነው። «ቲ» ደግሞ ሻይ ብቻ አይደለም፤ የማታ ምግብ ነው። «ከቲ በኋላ የምወስደው ክኒን» ሲባል ከአንድ ስኒ ሻይ በኋላ ማለት አይደለም። «ፑርሊ» ታምሜያለሁ ነው። «ባድሊ»ም እንዲሁ፤ «ራይት ባድሊ» ከሆነ በጣም ታሟል። «ኒዘርድ» ማለት ብርድ አንዘፈዘፈኝ ነው። በዕድሜ የገፉት «ስታርቭድ» ሲሉም ብዙ ጊዜ መራባቸውን ሳይሆን መብረዳቸውን ነው። ምግብ ከማቅረብዎ በፊት ብርድ ልብስ ያስቡ። «ናውት» ምንም ነው፤ «አውት» የሆነ ማንኛውም ነገር ነው፤ «ሱመት» የሆነ ነገር ነው። «ናውት» እና «አውት» በአንድ ድምፅ ብቻ ስለሚለዩ ተጠንቅቀው ይስሟቸው። «ምንም የሚያመኝ የለም» እና «የሚያመኝ አለ» ሊምታቱ አይገባም።

አንዲት ተማሪዬ የደረሰባትን ልንገርዎ። እርስዎ ያሉበት ዓይነት ሥራ ላይ ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ። ትሪ ይዛ ክፍል ገባች። ወንበር ላይ የተቀመጡት አዛውንት «ፑት ዉድ ኢን ኦይል» አሏት። እሷ የሰማችው «እንጨቱን ዘይት ውስጥ ክተቺ» ነው። ትሪውን እንደያዘች እንጨት ፈለገች፤ ዘይት ፈለገች። ሰውየው ደገሙላት። ድምፃቸው ከፍ አለ። ሰውየው ያሏት ግን «በሩን ዝጊ» ነበር። በምዕራብ ዮርክሸር ቀዳዳ የሚለው ቃል «ኦይል» ይባላል። እንጨቱ በሩ ነው፤ ቀዳዳው የበሩ ክፍት ነው። ከኋላዋ ብርድ እየገባ ነበር። ልጅቷ አለቀሰች። ቋንቋ የማታውቅ መሰላት። እሷ ያላወቀችው አንድ የሰፈር አባባል ብቻ ነበር፤ ለንደን ያደገ ሰውም ላይገባው ይችላል።

መጥሪያውንም በክፉ አይውሰዱት። ወንድ ሹፌር «ሉቭ» ሲልዎት ሌላ ነገር አላሰበም። የእኛ «የኔ እናት» ነው። ደርቢ እና ኖቲንግኧም ቢሄዱ «ዱክ» ይሉዎታል፤ ኒውካስል «ፔት»። ወንድ ለወንድም ይባባሉበታል።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ዘዬውን በጆሮዎ ሙሉ በሙሉ ይማሩት። በአፍዎ ግን የራስዎን ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ይያዙ። ከዘዬው አንድ ነገር ብቻ ወደ አፍዎ ያስገቡ፤ እሱም የቦታ ስም ነው። የቦታ ስም ላይ የአካባቢው ሰው አጠራር ነው ትክክሉ። «ኬይግሌይ» የሚባል ከተማ የለም። ኪዝሊ ግን አለች፤ ሰዎቿም እንዲህ ነው የሚሏት።

«ዘ» እና «ዚ»ን ግን እርስዎ አይጠቀሙባቸው። ለእርስዎ የተባሉት በቅርበት ነው፤ እርስዎ መልሰው ሲሉት ማፌዝ ይመስላል። አለቃዎን ቢሉ ደግሞ ይባስ። «አይ ወር»ንም ሪፖርት ላይ አይጻፉ። ፈተናም ላይ ከመጣ ስሕተት ተብሎ ነው የሚታረመው። የሐበሻ ቃና ያለው አነጋገርዎ ግን አያሳፍርዎት። አይልትስም ቢሆን የሚመዝነው መሰማትዎን ነው፤ የንጉሥ አነጋገር አይጠይቅም። ዘጠኝ ዓመት ያስተማሩት እንግሊዝኛ የትም አይሄድም።

መድኃኒት፣ ምግብ እና ቀጠሮ ላይ በቃሉ አይመኑ፤ በሰዓት ቁጥር ያረጋግጡ። «ከቲ በኋላ» ሲባሉ «ስድስት ሰዓት ላይ ማለት ነው?» ብለው በእነሱ አቆጣጠር ይጠይቁ። መዝገቡ ላይም «ቲ» ሳይሆን ሰዓቱን ይጻፉ። ሌላ ፈረቃ የሚገባው ሰው ከደቡብ ወይም ከሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ሕመም የሚገልጽ ቃል ካልገባዎት ገምተው አይለፉ። «የት ጋ እንደሆነ በጣትዎ ያሳዩኝ» ይበሉ።

ለድንገተኛ አደጋ 999 ከደወሉ ደግሞ በቦታ ስም አጠራርዎ አይተማመኑ፤ እኔም ብሆን አልተማመንም። መጀመሪያ ፖስት ኮዱን፣ አድራሻው ላይ ያለውን የፊደልና የቁጥር መለያ፣ ይናገሩ። ቀጥሎ የመንገዱን ስም ፊደል በፊደል ይቁጠሩላቸው። የሚሠሩበትን የእያንዳንዱን ቤት ፖስት ኮድ ወረቀት ላይ ጽፈው ስልኩ አጠገብ ያኑሩ።

ይህ ሁሉ ወሰን አለው። ዮርክሸር ሰፊ ነው። ሸፊልድ ውስጥ የሚባለው ስካርብረ ውስጥ ላይባል ይችላል። አንዱ ሸለቆ ከሌላው ይለያል። ወጣቶቹ ደግሞ ብዙውን አሮጌ ቃል ትተውታል። ስለዚህ ከዝርዝር ላይ ሁለት መቶ ቃል በቃልዎ ቢይዙ አያዋጣም። የስልክ ካርታ ድምፅም የቦታ ስም አያስተምርም፤ እሱም እንደ እርስዎ ብዙ ጊዜ ከጽሑፍ ነው የሚያነበው። የሚያዋጣው ሰው ነው። ትንሽ ደብተር ይያዙ። በሥራ ቀንዎ ያልገባዎትን አንድ ቃል በአማርኛ ፊደል እንደሰሙት ይጻፉ። ከዚያ የተናገሩትን ሰው ራሳቸውን ይጠይቁ። «እርስዎ አገር ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ አዛውንት ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት ነው የሚያስረዳው፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ክኒን ብቻ ሲጠየቅ የዋለ ሰው ነውና።

ለነገው አውቶቡስ ደግሞ ይህን ይያዙ። «ኪ» ላይ ጫን ይበሉ። የምላስዎን ጫፍ በጥርስዎ መካከል ብቅ አድርገው አየር ያሹልኩ። «ሊ»ን አሳጥረው ይልቀቁት። ሹፌሩ ቲኬቱን ይቆርጥልዎታል።